የጣሪያው ግብር እና የሲታብጋንጅ መበለቶች

እንደ እንግሊዞች አቆጣጠር በ፲፱፻፳፯ ዓመት፣ የዝናቡ ወር ሳዋን በገባ በመጀመሪያው ሳምንት፣ የጎምቲ ወንዝ ሞልቶ የልብስ አጣቢዎቹን ድንጋዮች ውጦ ነበር፤ በአሮጌው የሲታብጋንጅ ከተማ ጣሪያው ሁሉ ያፈሳል፤ የጭቃው ግድግዳ እርጥበት ጠጥቶ ያብጣል፤ በየግቢው ግን ከኒም ዛፍ ቅርንጫፍ ላይ ዥዋዥዌ ታስሮ ሴቶቹ ይዘፍናሉ። በሳዋን ባል ያላት ሴት አረንጓዴ ትለብሳለች፤ አረንጓዴ የብርጭቆ አምባርም ከአንጓዋ እስከ ክርኗ ትደረድራለች፤ ይህን የማታደርግ ሚስት ብትኖር ወይ ታማለች ወይ ከባሏ ተጣልታለች ይባላል።

በዚያው ሳምንት የማዘጋጃ ቤቱ አዋጅ ነጋሪ እስከ ቁርጭምጭሚቱ ጭቃ ውስጥ ቆሞ፣ ዝናብ ያረጠበውን ከበሮውን እየደበደበ፣ ጉባኤው ለከተማይቱ የቧንቧ ውሃ ለማስገባት በየቤቱ ጣሪያ ላይ ግብር ለመጣል ማሰቡን፣ የሚቃወምም ቢኖር አዲስ ጨረቃ ከወጣች በኋላ በሚውለው የመጀመሪያ ሰኞ በማዘጋጃ ቤቱ ግቢ ቀርቦ እንዲናገር ለፈፈ። ውሃ ከሰማይ በነጻ በየራሳችን ላይ በሚወርድበት ወቅት ስለ ውሃ ግብር ማወጅ ምን ዓይነት ብልሃት እንደሆነ ያወቀ ያውቃል። ቧንቧው ከሁሉ በፊት የሚዘረጋው ወደ እንግሊዞቹ ሰፈር መሆኑን፣ ከእንግሊዞች የራይ ባሃዱርን ማዕረግ ያገኙት የማዘጋጃ ቤቱ ሊቀ መንበር ጎቢንድ ሳሃይም አዲሱን ባለ ሰፊ በረንዳ ቤታቸውን ያሠሩት በዚያው መሆኑን ግን ያላወቀ አልነበረም።

ራይ ባሃዱር ክፉ ሰው ነበሩ ለማለት አልደፍርም፤ ጨዋ፣ የተማሩ፣ ሽቶ የሚቀቡ፣ ድሃ ሰላም ሲላቸው አገጫቸውን ዝቅ የሚያደርጉ ሰው ነበሩ። ችግራቸው አንድ ነገር በልባቸው ከወሰኑ በኋላ ሰው ሁሉ አስቀድሞ እንደተስማማ የሚመስላቸው መሆኑ ነበር። የአውራጃው ገዢ የሆነው እንግሊዝ ግን በጎረቤት ከተማ በእንዲህ ያለ ግብር ሳቢያ ሱቅ ሁሉ ተዘግቶ መከራውን ስላየ፣ የመምረጥ ድምፅ ያላቸው የቤት ባለቤቶች ካልደገፉት በቀር ማኅተሜን አላሳርፍም አለ፤ ቤት ያላት ሴትም አሁን እንደ ወንዱ ትመርጣለችና ሴቶቹንም አትርሱ ሲል ጨመረበት።

ወንዶቹን መጠየቁ ቀላል ሆነ። የማዘጋጃ ቤቱ ጸሐፊ ሙንሺ ቢንዳ ፕራሳድ የናስ ባጅ ያንጠለጠለ ተላላኪ አስከትሎ በየበሩ እየቆመ ጠየቀ፤ ሁሉም «ጌቶች ያሉት ይሁን» አለው። የሲታብጋንጅ ወንድ ለናስ ባጅ እንቢ ብሎ አያውቅም፤ እንቢታውን ለፀጉር አስተካካዩ ያስቀምጠዋል። ሴቶቹ ግን ከመጋረጃ ጀርባ ናቸው፤ ሙንሺም ሆነ ባጁ ያንን መጋረጃ አያልፉም። ስለዚህ ራይ ባሃዱር ሻብራታንን አስጠሩ።

ሻብራታን አምባር ሻጭ ናት፤ አርባን የተሻገረች፣ ቀጭን፣ ምላሷ ከቅርጫቷ የከበደ ሴት። ባሏ ከሞተ ወዲህ የራሷ አንጓ ባዶ ነው፤ የሌላውን ሴት አንጓ ግን በቀለም ትሞላለች። በከተማይቱ አሮጌ በር፣ ከቅስቱ ሥር፣ ዝናብም ፀሐይም የማያገኘው አንድ ክንድ ተኩል የሚሆን ቦታ ነበራት፤ የባሏ ወንድሞች ሊነጥቋት ስንት ጊዜ ሞክረዋል፤ እሷም በየዓመቱ ማዘጋጃ ቤት እየተመላለሰች፣ አንዳንዴ እየለመነች፣ አብዛኛውን ጊዜ እየተሳደበች ፈቃዷን ታሳድሳለች። እንጀራዋም፣ ክብሯም፣ ቤቴ የምትለውም ያ ቦታ ነበር።

ራይ ባሃዱር በረንዳቸው ላይ ተቀምጠው እሷን ከደረጃው ሥር አቁመው አነጋገሯት።

«ሻብራታን፣ በዚህ ከተማ የማትገቢበት ቤት አለ?»

«ድምፄን የማያውቅ በር የለም፣ ጌታዬ ሁዙር። ሐኪም የማያየውን እጅ እኔ ስጨምቅ እውላለሁ።»

«እንግዲያውስ ሴቶቹ ስለ ግብሩ ምን እንደሚሉ አንቺ ጠይቀሽ ንገሪኝ።»

ሻብራታን ሳቀች። አማት ከመጋረጃው ወዲያ ጆሮዋን ቀስራ እያለች የትኛዋ ምራት የልቧን እንደምትናገር ጠየቀቻቸው፤ ከዚያም ሳይጠይቋት ራሷ መላውን አመጣች። ሁለት ዓይነት አምባር ይዛ ትገባለች፤ ግብሩን የምትወድ አንዱን ቀለም፣ የምትጠላ ሌላውን ትመርጣለች፤ አማትየዋ ገበያ እንጂ ሌላ አይመስላትም። ራይ ባሃዱር በብልሃቱ ተደሰቱ። አረንጓዴው ለእሺታ፣ ቀዩ ለእንቢታ ይሁን ብለው የወሰኑት ግን እሳቸው ናቸው። ሳያስቡት ነው የሚሉ አሉ፤ ሚስታቸው በዚያ ሰዓት በውስጠኛው ግቢ አረንጓዴ አምባሯን እያንቃጨለች ነበርና እኔ አላምንም።

በመጨረሻም ነገሩ ሲሳካ ከቅስቱ ሥር ያለው ቦታ እስከ ዕለተ ሞቷ የእሷ እንደሚሆን ቃል ገቡላት። በሬ ሆይ፣ ሣሩን አይተህ ገደሉን ሳታይ እንዲሉ፣ ሻብራታን እጅ ነስታ ስትወጣ በዓለም ላይ ከእሷ የበለጠ ብልህ ሴት ያለች አልመሰላትም።

ሳምንቱን ሙሉ ዞረች። በየቤቱ ምንጣፍ ይነጠፍላታል፤ ሴቶቹ ይከቧታል፤ እሷም የያንዳንዷን እጅ በጉልበቷ ላይ አድርጋ፣ የአውራ ጣቱን ሥር እንደ ሊጥ እያሸች፣ ሰፊውን መዳፍ በጠባቡ ብርጭቆ ውስጥ ሳትሰብር ሳታሳምም ታሳልፋለች። ከዚያ በፊት ግን ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ጥያቄዋን ትጠይቃለች። አንዲት አዲስ ሙሽራ ግብር ማለት ምን እንደሆነ ብትጠይቅ አማቷ «ዝም በይና አረንጓዴውን ውሰጂ» አለቻት። ሌላዋ ጥያቄውን ሰምታ ሳትጨርስ እጇን ዘረጋች። አረንጓዴው አልቆ ሌላ ጭነት ብርጭቆው ከሚሠራበት ከፊሮዛባድ እስኪመጣ መጠበቅ ሆነ፤ ቀዩ እንደታሰረ ተመለሰ። ሻብራታንም ወደ ራይ ባሃዱር እየሮጠች ሄዳ ከተማው ሙሉ እሺ ብሏል ስትል አወራች።

አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም። በማግሥቱ አዋጅ ነጋሪው ያው ከበሮውን ይዞ ወጣና፣ የሲታብጋንጅ እመቤቶች በጣሪያው ግብር በአንድ ቃል መስማማታቸውን በየመስቀለኛው መንገድ ለፈፈ። ሻብራታን ከቅስቷ ሥር ተቀምጣ ሰማችው፤ ልቧም በኩራት ሞላ።

ኩራቷ እስከ ቀትር አልቆየም። አንዲት የቤት ሠራተኛ መጥታ ላላይን ራምዴኢ እንደምትፈልጋት ነገረቻት። ላላይን ራምዴኢ የነጋዴ ሚስት ስለነበረች ላላይን የምትባል፣ በአንጥረኞች መንደር የምትኖር አሮጊት መበለት ናት፤ ሻብራታን በደጇ ስታልፍ አምባሯን የምታስተዋውቅበትን ዘፈኗን ታቆማለች እንጂ ደፉን ረግጣው አታውቅም። ባሏ የሞተባት ሴት አምባሯ በድንጋይ ተሰብሮ ያበቃለታል፤ ከዚያ በኋላ አምባር ሻጭ ደጇን ብታንኳኳ ቁስል መነካካት ነው። ስለዚህ ሻብራታን ቅርጫቷን ከመንገዱ ማዕዘን ካለው የሚታኘክ ቅጠል ሻጭ ዘንድ አስቀምጣ ባዶ እጇን ገባች።

ራምዴኢ ጠርዝ የሌለው ነጭ ሳሪ ለብሳ በእንጨት አልጋዋ ላይ ተቀምጣለች፤ ከአጠገቧ ጣሪያው የሚያፈሰውን ውሃ የሚቀበል የናስ ድስት ተቀምጧል።

«ቅርጫትሽን የት አደረግሽው?»

«ከማዕዘኑ ተውኩት፣ ላላይን።»

«ለምን?»

«ይዞ መግባት ነውር ነዋ።»

«እኔ ቤት መግባት ነውር ከሆነ፣ ማንን ጠይቀሽ ነው ሴቱ ሁሉ ተስማማ ያልሽው?»

ራምዴኢ ገና መጀመሯ ነበር።

«ሳምንቱን ሙሉ እጃቸውን ስትጨምቂ የከረምሽላቸው ሴቶች ቤታቸው የባላቸው ነው። ከአምባሩ በቀር የነሱ የሚባል ነገር የላቸውም፤ ድምፅም የላቸውም። በዚህ ከተማ ሴት ቤት የምታገኘው ባሏ ሲሞት ነው፣ ልጄ። ባለ ድምፆቹ እኛ ነን፤ ባዶ እጆቹ። የራስሽን እጅ እንኳ አላየሽም?»

«ላላይን፣ እኔ እኮ...»

«ቆይ አልጨረስኩም። እስቲ በሳዋን ቀይ የምትመርጥ ባለ ባል አሳዪኝ። አንቺ ስትጠይቂያት የሰማችው ግብሩን አይደለም፣ ወሩን ነው። ላም ባልዋለበት ኩበት ለቅመሽ መጣሽ።»

ሻብራታን ከምድጃው ወዲህ መሬት ላይ ተቀመጠች፤ ፊቷ በእፍረት ጋለ። በዕድሜዋ ብዙ ሰው ሰድቧታል፤ ስድቡ እውነት ሲሆን ግን ያ የመጀመሪያዋ ነበር። ራምዴኢም ቁጣዋን አብርዳ ግብሩ ለእሷ ምን ማለት እንደሆነ አስረዳቻት፤ የታችኛውን ክፍል ለአንድ ልብስ ሰፊ አከራይታ በኪራዩ ዱቄቷን ትገዛለች፤ ግብሩ ከመጣ ኪራዩ ለግብሩ ይሄዳል፤ እሷም ቤቱን ሸጣ ከባሏ ወንድም ምድጃ ጥግ ትቀመጣለች፤ እዚያ የጎረሰችው ሁሉ ይቆጠርባታል። ቤት ያላት መበለት እመቤት ናት፤ ቤት የሌላት መበለት ገረድ ናት አለች። ብዙዎቹ መበለቶች በዚሁ ሁኔታ እንደሚኖሩ ሻብራታን ሳይነገራት ገባት።

«ብርጭቆ ነጋዴ ነሽ» አለቻት ራምዴኢ ስትሸኛት፤ «የተሰበረ እንደማይጠገን ታውቂያለሽ። ስብርባሪውን ግን የሰበረው ይጠርገዋል።»

ሻብራታን ቅርጫቷን እንኳ ሳትወስድ በቀጥታ ወደ ራይ ባሃዱር ሄደች። እሳቸው ከምሳ በኋላ የትምባሆ ሁቃቸውን እየሳቡ ነበር፤ ስህተቷን ስትነግራቸው አልተቆጡም፤ ይልቁንም እንደ ሕፃን ልጅ ነገር በፈገግታ ሰሟት።

«ተይው፣ ሻብራታን። ሴቶቹ አምባራቸውን አግኝተዋል፤ አንቺ ቦታሽን አግኝተሻል፤ እኔ መልሴን አግኝቻለሁ። ማን ተጎዳ?»

«ያልጠየቅኋቸው ተጎዱ ሁዙር። ቤቱ የነሱ ነው።»

«ያልጠየቅሻቸውን እኔ አላውቃቸውም። እኔ የማውቀው ከተማው በከበሮ የሰማውን ነው።»

«እንግዲያው ከበሮው ይመለስና ሻብራታን ተሳስታለች ይበል።»

ፈገግታቸው በዚህ ላይ ጠፋ። ቃሏን ካጠፈች ከቅስቱ ሥር ሌላ ሰው እንደሚቀመጥ፣ የባሏ ታናሽ ወንድምም ትናንትና በዚሁ ጉዳይ መጥቶ እንደነበር በለሰለሰ ድምፅ ነገሯት። ሻብራታን በየዓመቱ የታገለችለት ቦታ በዓይኗ ላይ መጣባት፤ የግድግዳው ቅዝቃዜ፣ ጀርባዋ የቀረጸው ጎድጓዳ፣ ከዝናብ የምትጠለልበት ጥጉ። ከዚያም ቀና ብላ መለሰችላቸው።

«ሁዙር፣ እኔ በሰው እጅ የማድር ሴት ነኝ። ምራትም ሆነች አማት፣ አያትም ብትሆን እጇን ስትሰጠኝ እጨምቀዋለሁ፣ ይሰበርብኛል ብላ አትፈራም። ያመነችኝ ስለሆነ ነው። በስሟ ዋሽቼ ቦታዬን ብይዝ፣ ቦታው ላይ ተቀምጬ ምን ልሸጥ ነው?»

«ወዲያ ሂጂልኝ» አሉ ራይ ባሃዱር።

«እየሄድኩ ነው። ወዴት እንደምሄድ ግን ይወቁት፤ ወደ ባዶ እጆቹ ነው።»

ከዚያ ዕለት ጀምሮ ሻብራታን ያለ ቅርጫት መዞር ጀመረች፤ ይህም በሲታብጋንጅ ታይቶ የማይታወቅ ነገር ነበር። አንዳንዷ መበለት በሩን ፊቷ ላይ ዘጋችባት፤ አንዷም በመስኮት ብቅ ብላ በልጆቼ ላይ ልታሟርቺ ነው የመጣሽው ስትል ውሃ ደፋችባት፤ እሷም ዝናቡ ቀድሞሻል ብላ እዚያው ቆመች፣ በሩም ቆይቶ ተከፈተ። ከድሮ መኳንንት ወገን የሆነችው ቃሲማ ቤገም ደግሞ ከአንድ ክፍል በቀር ጣሪያው ሁሉ በወረደ ትልቅ ቤት ውስጥ ትኖር ነበር፤ ከመጋረጃዋ ኋላ ሆና «ባሌን ስቀብር የረሳሽኝ ሴትዮ ለግብር አስታወስሽኝ? እንኳን ደህና መጣሽ፣ ሞቼ ብትመጪ ኖሮ ማን ያስተናግድሽ ነበር?» ስትል ቀለደችባት። ሻብራታን ስድቡንም ቀልዱንም ሁሉ ተቀበለች፤ ዕዳዋ ነው ብላለችና።

በዚህኛው ዙር ቀለም የለም፣ ብልሃት የለም። ግብሩን ትፈልጊያለሽ ወይስ አትፈልጊም ብላ ፊት ለፊት ጠየቀች። አብዛኞቹ አንፈልግም አሉ። ሂራ የምትባል የሸክላ ሠሪ መበለት ግን ጉልበቴ አልቋል፣ ከጉድጓድ ውሃ መሳብ ገድሎኛል፣ ቧንቧው ከመጣልኝ እከፍላለሁ አለቻት። ሻብራታን ይህ መልስ አልጣማትም፤ ልታስለውጣትም አፏን ከፍታ ነበር፤ ግን የራይ ባሃዱር ፈገግታ ታወሳትና አፏን ዘጋች። የሂራንም እንዳለችው ያዘችላት።

መልሱን ሁሉ ይዛ ወደ ራምዴኢ ስትመለስ፣ አሁን ደግሞ ማን ያምነኛል የሚል ጥያቄ ገጠማት። ትናንት በአፏ አረንጓዴ ያለች ሴት ዛሬ በዚያው አፏ ቀይ ብትል ሙንሺ ይስቅባታል። ራምዴኢ ጥቂት አሰበችና «እንግዲያው አፍሽን ተይው፤ እኛው እንሄዳለን» አለች። ከወንዝ መታጠቢያና ከቤተ መቅደስ በቀር መንገድ ያልረገጠች ሴት ናት ይህን ያለችው።

የተባለው ሰኞ ደረሰ። የማዘጋጃ ቤቱ ግቢ በሰው ተጨናነቀ፤ በረንዳው ላይ ራይ ባሃዱር ከነጉባኤያቸው፣ ከጎናቸውም የአውራጃው ገዢ የላካቸው ምክትሉ ዴፑቲ ሳሂብ ጉንፋን ይዟቸው መሐረባቸውን አፍንጫቸው ላይ እንደያዙ ተቀምጠዋል። ራይ ባሃዱር ስለ ንጹሕ ውሃና ስለ ሥልጣኔ ያማረ ንግግር አደረጉ፤ ወንዶቹ መስማማታቸውን፣ እመቤቶቹም በአንድ ቃል መደገፋቸውን አስታወቁ። ተቃዋሚ ካለ ይቅረብ ተባለ፤ በግቢው ካለው ወንድ አንድም አልተንቀሳቀሰም።

ያን ጊዜ ከበሩ ወዲያ የተሸካሚዎች የዜማ ድምፅ ተሰማ። ሴት የሚሸከሙባቸው፣ መጋረጃቸው የተዘጋ ዶሊዎች፣ እያንዳንዳቸው በሁለት ሰው ትከሻ፣ ጭቃውን እየረገጡ በተራ ገቡና በግቢው መካከል ተቀመጡ። በፊታቸው ሻብራታን ራሷን ተከናንባ ትሄድ ነበር። በረንዳው ሥር ስትደርስ እነዚህ የቤት ባለቤት የሆኑ እመቤቶች ናቸው፣ ስለ ግብሩ ሊናገሩ መጥተዋል ስትል አስታወቀች።

ሙንሺ ቢንዳ ፕራሳድ ብድግ አለ። በመጋረጃ ውስጥ ሴት ትኑር የሽንብራ ጆንያ በምን እናውቃለን ብሎ ሕዝቡን አሳቀ፤ ሴትም ቢሆኑ የሰው ሚስቶችን ለቅማ አምጥታ የቤት ባለቤት ናቸው ብትለን ማን ያረጋግጣል አለ። ሳቁ ገና ሳይበርድ ከመጀመሪያው ዶሊ መጋረጃ ውስጥ አንድ እጅ ወጣ። ቀጥሎ ከሁለተኛው፣ ከዚያም ከሁሉም ወጣ፤ የተሸበሸበ፣ የጠቆረ፣ የቀላ፣ ጅማቱ የተገተረ እጅ፣ በሳዋን ወር አንድም አምባር የሌለበት። ማን እንደሆኑ መጠየቅ አላስፈለገም፤ ሳቁ በአንድ ጊዜ ቆመ፤ አንዳንዱም የእናቱን እጅ ያየ ይመስል አንገቱን ደፋ።

ሙንሺ ግን የሚያውቀው ሌላ በር ነበረው። መበለቶች መሆናቸውን ተቀበልን አለ፤ ነገር ግን ቤቶቹ በመዝገብ የሰፈሩት በሟች ባሎቻቸው ስም ነውና፣ እያንዳንዷ የባሏን ስም ጠርታ ቤቷን ታሳውቅ፤ ካልጠራች አናውቃትም አለ። ወጥመዱ ለሰው ሁሉ ገባው። በእኛ አገር ሴት የባሏን ስም አትጠራም፤ የእገሌ አባት፣ የሱቁ ጌታ፣ እሳቸው ትላለች እንጂ። ስሙን መጥራት ዕድሜውን ያሳጥራል፣ ከሞተም ዕረፍቱን ይነሳል ይባላል፤ በልጅነቷ ተድራ በእርጅናዋ ባሏን የቀበረች ሴት እንኳ ስሙን ከአፏ ሳታወጣ ትኖራለች። ራይ ባሃዱር ወንበራቸውን ተደገፉ።

«ላላ ማዳን ጎፓል።»

ድምፁ ደካማ ነበር፤ ከመጀመሪያው ዶሊ ነው የመጣው። ግቢው ሁሉ ወደዚያ ዞረ።

«ላላ ማዳን ጎፓል፤ የአንጥረኞች መንደር፣ ከጉድጓዱ አጠገብ ያለው ቤት» አለች ራምዴኢ፣ አሁን ድምፅዋ ጠንክሮ። «ስሙን ከጠራሽው ዕድሜው ያጥራል እያሉ አሳደጉኝ። ከእንግዲህ የሚያጥር ዕድሜ የለውም። ቤቱ የእኔ ነው፤ ግብሩን አልፈልግም። ጻፍ፣ ሙንሺ።»

ከሁለተኛው ዶሊ የቃሲማ ቤገም ድምፅ ተከተለ፤ «ሚርዛ ሳፍዳር ቤግ። እሱ እንኳ ስሙን ስጠራው አይሰማም፤ ድሮም በቁሙ ሰምቶኝ አያውቅም። አልፈልግም።» አንዱ ሳቀ፤ ሌላው አለቀሰ። ከዚያ በኋላ ስሞቹ አንድ በአንድ መጡ፤ አንዷ በሹክሹክታ፣ አንዷ በጩኸት፣ አንዷም ከስሙ በፊት ረጅም ለቅሶ አስቀድማ። ሂራም የባሏን ስም ጠራችና «እኔ ግን ውሃውን እፈልጋለሁ፤ እከፍላለሁ» አለች። ሕዝቡ ማጉረምረም ሲጀምር ራምዴኢ ከመጋረጃዋ ውስጥ «ተዉአት፤ ቤቷ የራሷ ነው» ብላ ዝም አሰኘችው።

ዴፑቲ ሳሂብ መሐረባቸውን አወረዱ። ታዲያ በከበሮ የታወጀው የሴቶቹ ስምምነት ከየት መጣ ብለው ጠየቁ። ሻብራታን ማንም ሳይጠራት ወደ ፊት ወጣች።

«ከእኔ ነው የመጣው ሁዙር። በሳዋን ለሙሽሮች አረንጓዴ ይዤ ሄድኩ፣ አረንጓዴ ወሰዱ። ለግብሩ እሺ ያሉ መስሎኝ አወራሁ። ተሳስቻለሁ፤ ስህተቴን ነግሬያቸው ራይ ባሃዱር አልሰማም ብለዋል።»

ራይ ባሃዱር ቀይ ሆኑ። «አንቺ በዚህ ከተማ ምን ቤት አለሽና ነው እዚህ ቆመሽ የምትናገሪው?»

«ቤት የለኝም። ከቅስቱ ሥር አንድ ምንጣፍ የምታህል ቦታ ነበረችኝ፤ እሷንም ዛሬ ማታ ይወስዱብኛል። ይውሰዱ። እኔ ግን እነሱ እንቢ እንዳሉ ተናግሬ ነው የምነሳው።»

ግብሩ በዚያ ዓመት ቀረ። ዴፑቲ ሳሂብ ያዩትን ጻፉ፤ ገዢውም ማኅተሙን ከለከለ፤ ራይ ባሃዱር በሚቀጥለው ምርጫ ወንበራቸውን አጡ፤ በአንድ ሌላ ስምና በሌላ ሊቀ መንበር ዘመን ያው ግብር በጎን መግባቱ አልቀረም፣ ግን ያኔ ከአሮጌው ከተማ ቧንቧ ጋር ነው የገባው፤ ሂራም ሳትሞት ያን ውሃ ለመጠጣት በቅታለች። ሻብራታን ቦታዋን የተነጠቀችው ገና ዝናቡ ሳያባራ ነበር። የባሏ ወንድም ምንጣፉን በቅስቱ ሥር ዘረጋ፤ እሷም ቅርጫቷን በራሷ ላይ ተሸክማ፣ በጠራራውም በጭቃውም፣ እግሯ እስኪያብጥ ከደጅ ደጅ እየዞረች ሸጠች። ወደ መበለቶቹም ቤት ትገባ ነበር፤ የምትሸጥላቸው ነገር አልነበራትም። ተቀምጣ ውሃ ትጠጣለች፣ ትሳደባለች፣ ትስቃለች፣ ትሄዳለች። ተጸጽታ እንደሆነ የጠየቋት ነበሩ፤ ስለ እግሬ አዎን፣ ስለ አፌ ግን አልጸጸትም ትል ነበር።

የአውራጃው መዝገብ ቤት ዛሬም አለ፤ የዚያ ሰኞ ነገርም በጥሩ እንግሊዝኛ ተጽፎ ተቀምጧል። በጣሪያው ግብር ላይ ተቃውሟቸውን ያቀረቡ የከተማይቱ ነዋሪዎች ተብሎ ሰፍሯል፤ ላላ ማዳን ጎፓል፣ ሚርዛ ሳፍዳር ቤግ፣ ሌሎቹም በተራ። ወንዙ አመዳቸውን ከወሰደ፣ መቃብሩ ከያዛቸው ብዙ ዘመን የሆናቸው ሰዎች በዝናብ ተነሥተው ማዘጋጃ ቤት ሄደው እንቢ አሉ። ኋላም የትምህርት ቤት መጽሐፍ የሚያዘጋጁ ሰዎች ይህን አንብበው የእነዚህን ጨዋ ሰዎች ድፍረት ለልጆች ምሳሌ አድርገው ጻፉ፤ ራምዴኢ የለችም፣ ቃሲማ የለችም፣ ሂራ የለችም። እነሱስ ቢሆን በባሎቻቸው ስም ጥላ ሥር ጥቂት ተጠልለዋል። ሻብራታን ቤት ስላልነበራት ስም እንድትጠራ የጠየቃት አልነበረም፤ የባሏንም ስም በዕድሜዋ ከአፏ አውጥታው አታውቅም፤ ዛሬ የሚያውቀው ሰው የለም።